በአንድ እግር የተሮጠ፣ በብዙ እጅ የተሰበሰበ

ለጸሎት ቤት ማሠሪያ ገንዘብ ሲሰበሰብ ሳታዩ አልቀራችሁም። አንዱ እጁን አውጥቶ “አሥር ከረጢት ሲሚንቶ” ይላል፤ ሌላው “የአንድ ወር ደመወዜን” ይላል፤ ጸሐፊው ይመዘግባል፤ ጉባኤው እልል ይላል። በዚህ መካከል አንድ ወጣት ተነሥቶ፣ “እኔ የምሰጠው ገንዘብ የለኝም። ነገር ግን ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ በእግሬ እሄዳለሁ፤ እናንተም በየኪሎ ሜትሩ አንዳንድ ብር ቃል ግቡልኝ” ቢል ምን ትሉታላችሁ? ብዙዎቻችን ፈገግ እንል ይሆናል። ሆኖም መንገዱ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነውና ሃምሳ ሰው ቃል ቢገባለት 5,000 ብር ተገኘ ማለት ነው። ልጁ ያመጣው ገንዘብ ሳይሆን ላቡን ነው፤ ላቡ ግን የሌሎችን ኪስ ከፈተ።

በብዙ አገሮች ይህ የገንዘብ ማሰባሰቢያ መንገድ የተለመደ ነው። ሰዎች በመሮጥ፣ በመራመድ፣ በመዋኘት ወይም ብስክሌት በመንዳት ከወዳጆቻቸው ቃል ይሰበስባሉ። ከተጠቃሚዎቹም መካከል በበሽታዎች ላይ ምርምር የሚያደርጉ በጎ አድራጎት ድርጅቶች በሰፊው ይገኛሉ። ውድ ባለትዳሮች፣ በዚህ ጽሑፍ የምናወሳላችሁ የአንድ ካናዳዊ ወጣትና የቤተሰቡን ታሪክ ነው። ስሙን የሰማችሁ ትኖራላችሁ፤ ቴሪ ፎክስ ይባላል። ስለ እርሱ ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ጽናቱ ነው። እኛ ግን ሌላ ጥያቄ እናንሣ፦ ገንዘቡን ለምን ለምርምር ሰበሰበ?

ከ15 በመቶ ወደ 50 በመቶ

ቴሪ ፎክስ እ.ኤ.አ. በ1958 በካናዳ ተወለደ። አባቱ ሮላንድ የባቡር ድርጅት ሠራተኛ፣ እናቱ ቤቲ ልጆቿን አጥብቃ የምታሳድግ ሴት ነበረች። ልጁ ቁመቱ አጭር ቢሆንም ቅርጫት ኳስ ይወድ ነበርና በብርቱ ልምምድ የዩኒቨርሲቲ ቡድን ውስጥ እስከ መግባት ደረሰ። በ1977 የቀኝ ጉልበቱ ሕመም በረታበት። ምርመራው ኦስቲኦሳርኮማ የተባለ የአጥንት ካንሰር መሆኑን አሳየ። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ።

ሐኪሞቹ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ኬሞቴራፒ እንደሚሰጠውና የመዳን ዕድሉ 50 በመቶ እንደሆነ ነገሩት። ሌላም ነገር ሰማ፤ ከሁለት ዓመት በፊት ታምሞ ቢሆን ኖሮ ዕድሉ 15 በመቶ ብቻ ነበር። እስቲ በዚህ ላይ ጥቂት ቆም በሉ። በሁለት ዓመት ውስጥ በሽታው አልተለወጠም፤ የሰውም አጥንት አልተለወጠም። የተለወጠው የሐኪሞች እውቀት ነው። ያንን እውቀት ለማግኘት አንድ ቦታ ተመራማሪዎች ደክመዋል፤ ለድካማቸው የሚያስፈልገውን ገንዘብ ደግሞ አንድ ሰው ከፍሏል። ከፋዮቹ ቴሪን አያውቁትም፤ እርሱም አያውቃቸውም። ነገር ግን የእነርሱ ስጦታ እርሱ ወደ ተኛበት አልጋ ደርሷል።

ወደ 16 ወር በፈጀው ሕክምናው ወቅት አብረውት የታከሙ ብዙዎች ሲሠቃዩ አየ፤ ሲሞቱም አየ። እርሱ ከዚያ ወጥቶ ሲሄድ ባዶ እጁን መሄድ እንደማይችል ተሰማው። የተቀበለውን ለሚቀጥለው ታማሚ ማስተላለፍ ነበረበት። ገንዘብ አልነበረውም፤ አንድ ጤነኛ እግር ግን ነበረው።

በቤት ውስጥ የተነገረው ዜና

ከቀዶ ሕክምናው በፊት በነበረው ምሽት የቀድሞ አሠልጣኙ አንድ የመጽሔት ጽሑፍ አምጥቶለት ነበር። ጽሑፉ የሚያወራው በሰው ሠራሽ እግር የኒውዮርክን ማራቶን ስለ ሮጠው ስለ ዲክ ትራም ነበር። ያ ሐሳብ በልቡ አደረ። በኋላም ልምምድ ጀመረ፤ ለቤተሰቡ የነገራቸው ግን ማራቶን ለመሮጥ እንደሚፈልግ ብቻ ነበር። እውነተኛው ዕቅዱ ካናዳን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ከአትላንቲክ እስከ ፓስፊክ ውቅያኖስ፣ መሮጥ ነበር።

ወላጆች የሆናችሁ ሁሉ፣ ይህን ዜና ከልጃችሁ አፍ ብትሰሙ ምን ትመልሱ ነበር? እናቱ ቤቲ ዕብደት ነው ብላ ተቃወመችው። እርሱ ግን መጀመሪያ የምታምንበት እርሷ ትሆናለች ብሎ ጠብቆ ነበርና አዘነ፤ ይህንንም እናቱ ራሷ ኋላ ላይ በጸጸት ተናግራዋለች። አባቱ ሮላንድ በበኩሉ ልጁን ያውቀዋልና የጠየቀው “መቼ?” ብሎ ብቻ ነበር። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት መልስ። የእናት ፍርሃትም ፍቅር ነው፤ የአባት “መቼ?” ማለትም ፍቅር ነው። ቁም ነገሩ ሁለቱ ተነጋግረው በአንድ ልብ ከልጃቸው ጋር መቆማቸው ነው።

በመንገድ ላይ

ሚያዝያ 12 ቀን 1980 እ.ኤ.አ. ቴሪ በካናዳ ምሥራቃዊ ጫፍ በምትገኘው በሴንት ጆንስ ከተማ ሰው ሠራሽ እግሩን በአትላንቲክ ውኃ ነክሮ ሩጫውን ጀመረ። በየቀኑ 42 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ማለትም አንድ ሙሉ ማራቶን ይሮጥ ነበር። ሰው ሠራሽ እግሩ ለሩጫ የተሠራ አልነበረም፤ ስለዚህ ያ እግር ወደ ፊት እስኪመለስ በጤነኛው እግሩ ሁለት ጊዜ እየዘለለ ይሄዳል። ከእግሩ የቀረው ክፍል ይቆስልና ይደማ ነበር።

ጓደኛው ዳግ አልዋርድ መኪናውን አንድ ማይል ወደ ፊት እየነዳ በውኃ ይጠብቀዋል፤ ምግብም ያበስልለታል። ነገር ግን ሁለት ወጣቶች በአንድ ጠባብ መኪና ሌትና ቀን ሲኖሩ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ብዙ ሳይሄዱ መነጋገር እስኪያቅታቸው ድረስ ተቀያየሙ። መፍትሔው ከቤት መጣ፤ የ17 ዓመቱ ታናሽ ወንድም ዳረል እንዲቀላቀላቸው ተደረገ፣ በቀልዱና በሳቁም ሁለቱን አስታረቀ። በጎ ሥራ የጀመሩ ሰዎች ሁልጊዜ በሰላም ይኖራሉ ያለ ማን ነው? አንዳንድ ጊዜ ለሥራው ከገንዘብ ይልቅ የሚያስፈልገው አስታራቂ ነው።

ገንዘቡም ቢሆን መጀመሪያ በዝግታ ነበር የገባው። ፖርት ኦ ባስክ የተባለች 10,000 ያህል ነዋሪዎች ያሏት ከተማ ከ10,000 ዶላር በላይ ሰጠችው፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ዶላር እንደ ማለት ነው። ከዚያም በኋላ ምኞቱ ከእያንዳንዱ ካናዳዊ አንድ ዶላር መቀበል ሆነ። ነገር ግን ፈረንሳይኛ ተናጋሪ በሆነችው በኩቤክ ዓላማውን የሚያውቅ ጥቂት ነበር፤ አሽከርካሪዎችም ከመንገድ ያስወጡት ነበር። ሞንትሪያል ሲደርስ ከጉዞው አንድ ሦስተኛውን ጨርሶ የተሰበሰበው ወደ 200,000 ዶላር ብቻ ነበር።

በዚህ ጊዜ አንድ አባት ደረሰለት። የአራቱ ወቅቶች ሆቴሎች መሥራች ኢሳዶር ሻርፕ ልጃቸውን እ.ኤ.አ. በ1978 በቆዳ ካንሰር አጥተው ነበር። በየማይሉ ሁለት ዶላር ለመስጠት ቃል ገቡ፤ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሌሎች ኩባንያዎችም እንዲሁ እንዲያደርጉ ጠየቁ። ራሱን ያዘነ ሰው የሌላውን ሐዘን ሲሸከም ጉልበቱ የተለየ ነው።

ንጹሕ እጅ

ስለ ቴሪ ልብ በሉልን የምንለው ሌላ ነገር አለ። መኪና፣ ነዳጅና ጫማ ከድርጅቶች ተቀብሏል። ነገር ግን ምርታችንን አስተዋውቅልን የሚለውን ሁሉ መለሰ፤ ቅድመ ሁኔታ ያለበትንም ስጦታ አልተቀበለም። ከሩጫው ማንም በግሉ እንዲያተርፍ አልፈለገም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን ሊይዝ አልወደደም፤ ማንም እንዳይነቅፈው የተመሰከረላቸው ወንድሞች አብረውት እንዲሄዱ አደረገ። የተሰበሰበ ገንዘብ በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት ንጹሕ መሆን አለበት።

ሩጫው ሲቆም

መስከረም 1 ቀን 1980 እ.ኤ.አ. ቴሪ ተንደር ቤይ በተባለች ከተማ አጠገብ ሳለ ሳል ያዘው፤ ደረቱንም ወጋው። ካንሰሩ ወደ ሳንባው ተሰራጭቶ ነበር። በ143 ቀናት 5,373 ኪሎ ሜትር ሮጦ ቆመ። እስከ ፓስፊክ ውቅያኖስ ሮጦ አልደረሰም።

ሕዝቡ ግን አልቆመም። በሳምንቱ በቴሌቪዥን በተላለፈ ዝግጅት ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። በየካቲት 1981 ድምሩ 24.17 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ፤ የካናዳም ሕዝብ በጊዜው ወደ 24 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። ከእያንዳንዱ ሰው አንድ ዶላር! ቴሪ ሰኔ 28 ቀን 1981 በ22 ዓመቱ አረፈ።

በዚያው ዓመት መስከረም በስሙ የመጀመሪያው ሩጫ ሲደረግ ወደ 300,000 ሰዎች ወጥተው 3.5 ሚሊዮን ዶላር አሰባሰቡ። በዚህ ሩጫ አሸናፊ የለም፤ ሽልማት የለም። አንደኛ የወጣውና ሕፃኑን በጋሪ እየገፋ የመጣው እኩል ናቸው። እናቱ ቤቲ እስከ ዕለተ ሞቷ እስከ 2011 ድረስ ከቦታ ቦታ እየተጓዘች ስለ ልጇ ዓላማ ተናገረች፤ ሮላንድም እስኪያርፍ እስከ 2016 ድረስ ከዓላማው አልተለየም። እስካሁን በቴሪ ስም ለካንሰር ምርምር ከ850 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር በላይ ተሰብስቧል፤ እ.ኤ.አ. በ2007ም በስሙ የምርምር ተቋም ተመሥርቷል።

ፍሬውስ? ዛሬ ጥሩ ሕክምና ባለበት አገር ያልተሰራጨ ኦስቲኦሳርኮማ ካለባቸው ከአሥሩ ስድስት ወይም ሰባት ያህሉ ከአምስት ዓመት በላይ ይኖራሉ፤ አብዛኞቹም እግራቸው አይቆረጥም። ይህ የአንድ ሰው ወይም የአንድ አገር ሥራ ብቻ አይደለም። ነገር ግን ለቴሪ የ50 በመቶ ዕድል የሰጡት እርሱ የማያውቃቸው ሰዎች እንደ ነበሩ ሁሉ፣ ዛሬ በሁለት እግሩ ቆሞ የሚሄደው ልጅም ከማያውቃቸው ብዙ እጆች የተቀበለ ነው። አንዱ ይዘራል፤ ሌላው ያጭዳል።

በአገራችንም ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች እ.ኤ.አ. በ2004 በልጃቸው ስም ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን መሥርተዋል። ሥራው በይበልጥ ሕሙማንን መርዳትና ሕዝብን ማስተማር ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ለሕመምተኛው መድኃኒት መግዛት የዛሬ ምሕረት ነው፤ ለምርምር መስጠት ደግሞ ገና ላልታመመው ሰው የሚደረግ ምሕረት ነው።

እናንተስ?

ከቤተሰባችሁ ወይም ከቤተ ክርስቲያናችሁ ጋር እንዲህ ያለ ነገር ለማድረግ ብታስቡ የሚከተሉትን አትርሱ።

1. አስቀድማችሁ በትዳራችሁ ተስማሙ። ልምምዱ ጊዜ ይወስዳል፤ ልጆቹን ማን ይይዛል? ወጪውስ ከየት ይመጣል? ባል በጉባኤ ፊት ቃል ከገባ በኋላ ሚስት በቤት የምትሰማው ዜና መሆን የለበትም።

2. ልካችሁን ዕወቁ። ቴሪ ሩጫውን ከመጀመሩ በፊት ከአንድ ዓመት በላይ ተለማምዷል። ግንብ ሊሠራ ስለ ወደደው ሰው ጌታ የተናገረውን አስታውሱ። በሐኪም ታዩ። አሥር ኪሎ ሜትር መራመድም በቂ ነው።

3. የምትሰበስቡለትን ድርጅት መርምሩ። በሕግ የተመዘገበ ነው? ሒሳቡን ለሕዝብ ያሳያል? ገንዘቡ የሚውለው ለምርምር ነው ወይስ ለሕሙማን ዕርዳታ? ለሰጪዎቻችሁ በግልጽ ንገሯቸው።

4. ቃሉን በጽሑፍ ያዙ። የሰጪው ስም፣ በኪሎ ሜትር የሚሰጠው መጠንና የሚከፍልበት ቀን ይመዝገብ። ቃል ሲገባ እልልታው ብዙ ነው፤ ሲከፈል ግን ጸሐፊው ብቻውን ይቀራል። ስለዚህ ሩጫው እንዳለቀ ሳትዘገዩ ሰብስቡ።

5. ገንዘቡን ሁለት ሰዎች ይቁጠሩት፤ ደረሰኝ ይኑር፤ ድምሩም በይፋ ይነገር። አንድ ብር የሰጠችውም እናት የት እንደ ደረሰ የማወቅ መብት አላት። ሁለት ሳንቲም የጣለችውን መበለት ያየ ጌታ እርሷንም ያያል።

ለባልና ሚስት መወያያ

• ልጃችን አንድ ከባድ ነገር ሊያደርግ ቢነሣ፣ ማናችን እንቃወማለን? ማናችን “መቼ?” ብለን እንጠይቃለን? እንዴትስ እንስማማለን?

• ዛሬ በጤና የምንኖረው እነማን በደከሙበት ነው? የተከተብናቸውን ክትባቶች፣ የዳንንባቸውን መድኃኒቶች አብረን እንቁጠር።

• ፍሬውን እኛ ለማናየው ነገር በዚህ ዓመት ምን መስጠት እንችላለን?