ልጅዎ ድንበር ተሻግሮ ሊያስተምር ሲነሳ

በዕድሜ ገፋ ካልን አንባቢዎች መካከል እንግሊዝኛ ወይም ሒሳብ ያስተማረውን የ«ፒስ ኮር» መምህር የማያስታውስ ጥቂት ነው። የመጀመሪያዎቹ ወደ አገራችን የመጡት እ.ኤ.አ. በ1962 ነበር። ከመምጣታቸው በፊት ዋሽንግተን በሚገኘው ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ሠልጥነዋል፤ ከተማሩት አንዱም አማርኛ ነበር። አማርኛቸው ተማሪውን ቢያስቅም «እንደምን አደራችሁ» ብለው ክፍል መግባታቸው ያስከብራቸው ነበር። የሚመጡትም ለሁለት ዓመት ነው።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጦ የእኛ ልጆች ለሌላው መምህር ሆነው መሄድ ጀምረዋል። በቤተ ክርስቲያናቸው በኩል ለተልዕኮ ወደ ጎረቤት አገሮች የሚጓዙ ወጣቶች አሉ። በቅርቡ አንዲት የሰፈሬ እናት ልጃቸው ሰሜን ዩጋንዳ በሚገኘው የቢዲ ቢዲ የስደተኞች ሰፈር ለሦስት ወር በበጎ ፈቃድ ልታስተምር መሆኑን ነግረውኝ፣ «ሲስተር፣ በሶና ቆሎ አዘጋጅቻለሁ፣ ሌላ ምን ልጨምርላት?» አሉኝ። በሶውም ቆሎውም ይሂድ፤ የእናት ወግ ነው። ዋናው ዝግጅት ግን ሻንጣ ውስጥ የሚገባ አይደለም፤ ከጉዞው ቢያንስ ሁለት ወር ቀድሞም መጀመር አለበት።

መጀመሪያ ቦታውን ይወቁ። ቢዲ ቢዲ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 የደቡብ ሱዳንን ጦርነት ሸሽተው ለመጡ ሰዎች ነው። በዩምቤ ወረዳ ይገኛል፤ ከ200,000 በላይ ሰው ይኖርበታል። ከካምፓላ በመኪና የአንድ ሙሉ ቀን መንገድ ነው። እንዲህ ያለ ሰፈር ማንም እንደፈለገ የሚገባበት አይደለም፤ ስደተኞችን ከሚያስተዳድረው ከዩጋንዳ ጠቅላይ ሚኒስትር ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። የጎብኚ ቪዛም ለሥራ፣ ደመወዝ ለሌለውም ሥራ ቢሆን፣ አይሆንም። ስለዚህ ወላጅ ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ «ማን ይቀበላታል? ፈቃዱስ በማን ስም ወጣ?» የሚል ነው። «ስትደርሺ ይስተካከላል» የሚል መልስ ከመጣ እኔ ብሆን ቲኬት አልቆርጥም።

ቀጥሎ የማስተማሩ ነገር አለ። እንግሊዝኛ መናገር አንድ ነገር ነው፣ ማስተማር ሌላ ነው። በዩጋንዳ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ሰባት ዓመት ሲሆን፣ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ማስተማሪያው የአካባቢው ቋንቋ እንዲሆን፣ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ እንዲሻገር መመሪያው ያዝዛል። በስደተኛ ሰፈር ደግሞ አንድ ክፍል ውስጥ ባሪ፣ ካክዋና የጁባ ዐረብኛ የሚናገሩ ልጆች አብረው ይቀመጣሉ። የተማሪው ቁጥር ከመቶ በላይ የሚሆንበት ክፍል ብዙ ነው። ጦርነት ዓመታት የበላባቸው የ15 ዓመት ልጆች ከሕፃናት ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ይማራሉ። በኮምፒውተር የተዘጋጀ የሚያምር ትምህርት እዚያ ዋጋ የለውም፤ ጠመኔ፣ ጥቁር ሰሌዳና ወደ ኋላ የሚደርስ ድምፅ ያስፈልጋል።

ለልምምድ የሚሆን ቦታ ደግሞ እዚሁ ሞልቷል። የሰንበት ትምህርት ክፍል ወይም በአቅራቢያው ያለ ትምህርት ቤት ቢፈቅድ፣ ልጅዎ ለጥቂት ሳምንታት ልምድ ያለው መምህር ከኋላ ተቀምጦ እያየው ያስተምር። ጡረታ የወጡ መምህር አያት በቤት ካሉማ ይህ የእሳቸው ሥራ ነው። ድምፁ የት እንደሚጠፋ፣ የኋላ ወንበር ላይ ያለው ልጅ መቼ እንደሚያንቀላፋ ከእሳቸው በላይ የሚያይ የለም።

በአንድ ነገር ላይ የጸና አቋም አለኝ። የሁለትና የሦስት ወር በጎ ፈቃደኛ የክፍሉን መምህር ተክቶ መቆም የለበትም። እነዚህ ልጆች አገርና ዘመድ ጥለው የመጡ ናቸው። የወደዷት መምህርት በሦስተኛው ወር ሻንጣዋን ይዛ ስትሄድ መለየት ለእነሱ ሌላ ዙር ይሆናል። ይልቅ ከቋሚው መምህር ጎን ሆና ታግዝ፤ የደብተር እርማት ትካፈል፣ ማንበብ ያቃታቸውን በትንንሽ ቡድን ትያዝ። የምትመለስበትን ቀን ተማሪዎቹ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ይወቁት። «ተመልሼ እመጣለሁ» የሚለውን ቃል ግን እርግጠኛ ካልሆነች አትናገረው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። ወደ ዩጋንዳ ለመግባት የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። ካርዱ የሚጸናው ከክትባቱ 10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት መሯሯጥ አያዋጣም። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ አንድ ጊዜ የተሰጠ ክትባት ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ የድሮ ካርድ ያለው አይጣለው። ክትባቱ ሕያው ተሕዋስ ያለበት በመሆኑ ለነፍሰ ጡር፣ የመከላከል አቅሙ በጣም ለተዳከመና ለእንቁላል ከባድ አለርጂ ላለበት ሰው ያለ ሐኪም ውሳኔ አይሰጥም። ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ በሚከተቡ ሰዎች ላይም ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት፣ አልፎ አልፎ ቢሆንም፣ ከወጣቶቹ ይልቅ ይታያል። «እኔም ላገልግል» ብለው የሚነሱ ጡረተኛ መምህራን ይህን ከሐኪም ጋር ይነጋገሩበት። ሰሜን ዩጋንዳ የማጅራት ገትር ቀጠና ውስጥ ስለሚካተት ለእሱም፣ እንዲሁም ለታይፎይድ፣ ለሄፓታይተስ ኤና ለመንጋጋ ቆልፍ የሚሰጡትን ክትባቶች በአንድ ቀጠሮ ይጠይቁ።

ከሁሉ የምሰጋው ግን ለወባ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ስለምትል እዚህ ያደገ ልጅ ወባን አያውቃትም። ቆላ ያደገ ሰው በተደጋጋሚ ከመያዙ የተነሳ የተወሰነ መቋቋም ያዳብራል፤ የእኛ ልጅ ግን ሲያዝ በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። ስለዚህ መከላከያ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ዶክሲሳይክሊን ከታዘዘ ከጉዞው አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀድሞ ይጀመራል፣ በየቀኑ ይዋጣል፣ ከወባማው ቦታ ከወጡ በኋላም ለ4 ሳምንት ይቀጥላል። ምግብ በልቶ፣ በሙሉ ብርጭቆ ውኃ መዋጥ አለበት፤ ውጦ ወዲያው መተኛት ጉሮሮ ያቆስላል። ቆዳን ለፀሐይ ስስ ስለሚያደርግም ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ያስፈልጋል። ሜፍሎኩዊን የተባለው ደግሞ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወሰድ ሆኖ የአእምሮ ሕመም ወይም የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው አይሆንም። ምርጫው የሐኪም ነው። በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ግን ለሁሉም ነው፤ አጎበሩ ከሻንጣው በላይ ሆኖ ይታሰር እንጂ «እዚያ ይገኛል» ተብሎ አይተው።

ቋሚ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ፣ የአስም መንፊያን ጨምሮ፣ ለቆይታው የሚበቃውን ከነማሸጊያውና ከማዘዣው ጋር በእጅ ሻንጣ ይያዝ። ውሻ ቢነክሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ እንዳለበት በቃሉ ይወቅ። ላኪዎቹንም «ቢታመም ማን ያመላልሰዋል? ወጪውንስ ማን ይከፍላል?» ብላችሁ በጽሑፍ መልስ ተቀበሉ። ይህን መጠየቅ እምነት ማነስ አይደለም።

ስለ እምነት ካነሳን፣ የዩምቤ ነዋሪ አብዛኛው ሙስሊም ነው። ልጁን ፊደል እንዲቆጥር የላከ አባት ልጁ በሒሳብ ሰዓት ሌላ ነገር እንዲሰበክ አልላከውም። የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የራሱ ጊዜና ቦታ አለው። ከልጆች ጋር ብቻን በተዘጋ ክፍል አለመቀመጥ፣ ያለ አሳዳጊ ፈቃድ ፎቶ አንስቶ አለማሰራጨት፣ ለአንዱ ልጅ ለይቶ ገንዘብ አለመስጠትም ሳይሄዱ መስማማት የሚያስፈልጋቸው ደንቦች ናቸው።

እናንተ ቤት የቀራችሁ ደግሞ በቀን ሦስት ጊዜ አትደውሉ። በሳምንት ሁለት የተቆረጡ ሰዓቶች ይበቃሉ፤ ኔትዎርክ ከጠፋ የሚደወልለት የአንድ ኃላፊ ስልክ ቁጥርም ይኑራችሁ። ልጆቹ ያዩትን ጦርነት የሰማ ሰው እንቅልፍ ሊነሳው ይችላል። ሲመለስ ዝም ቢል ቡና አፍልታችሁ አብራችሁት ተቀመጡ እንጂ «ምን ሆንክ?» እያላችሁ አታጨናንቁት። ዝምታውና እንቅልፍ ማጣቱ ከሳምንታት በላይ ከቆየ ባለሙያ ዘንድ ውሰዱት።

ከተመለሰ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ከባድ ራስ ምታት ከመጣ ዳማከሴው ይቆይ፤ «ጉንፋን ነው» ብላችሁም አታሳድሩት። የወባ ተውሳክ መጀመሪያ ጉበት ውስጥ ስለሚቆይ ሕመሙ ከሳምንታት በኋላ ሊነሳ ይችላል፤ አንዳንዱ ዓይነት ደግሞ ከወራት በኋላም ይመጣል። መከላከያ መድኃኒቱን በትክክል የወሰደም ቢሆን ይመርመር። ጤና ተቋም ስትደርሱ የመጀመሪያው ቃላችሁ «ከዩጋንዳ ነው የመጣው» የሚል ይሁን፤ ካልተነገረው የአዲስ አበባ ሐኪም ወባን ላይጠረጥር ይችላል። የደም ምርመራው በዚያው ቀን ይደረግ። ውጤቱ ነፃ ተብሎ ትኩሳቱ ካልለቀቀም በማግስቱ ይደገም።