ሰው በነጥብ ሲመዘን

እስረኞችን የምንጎበኝ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይገጥመናል፤ ይኸውም «ተጸጽቻለሁ» ከሚሉን መካከል ከልቡ የተጸጸተው ማን ነው? የሚል ነው። የሥነ ልቡና ሊቃውንትም በዚሁ ጥያቄ ብዙ ደክመዋል። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናል።)

ሳይኮፓቲ የሚባለው የጠባይ ጉድለት ያለበት ሰው አእምሮው አልታወከም፤ ይሁን እንጂ ርኅራኄና ጸጸት የሚሰማው አይመስልም። አሜሪካዊው ሐኪም ሀርቪ ክሌክሊ በ1941 ይህን ጠባይ በመጽሐፍ ዘርዝሮት ነበር፤ ያያቸው ግን በአብዛኛው የሆስፒታል ሕመምተኞች ነበሩ። ነገሩን ለእስረኞች እንዲሆን አድርጎ ያዘጋጀው በ1960ዎቹ መጀመሪያ በካናዳ ወህኒ ቤት የሠራው ሮበርት ሄር ነው።

ለእስረኛ መጠይቅ አድሎ «ሰው አታልለህ ታውቃለህ?» ማለት ብዙ አይጠቅምም። አታላዩ የትኛው መልስ በአመክሮ እንደሚያስፈታው ያውቃልና። ስለዚህ በ1991 ተሻሽሎ በታተመው የሄር መመዘኛ የእስረኛው ቃል ብቻውን አይታመንም፤ የሠለጠነ ባለሙያ ረጅም ጊዜ ያነጋግረዋል፣ መዝገቡንም አገላብጦ ያመሳክራል። የሚመዘኑት ጠባዮች 20 ሲሆኑ ለእያንዳንዱ 0፣ 1 ወይም 2 ይሰጣል፤ በሰሜን አሜሪካ ከ40ው 30ና ከዚያ በላይ ያገኘ ሳይኮፓት ይባላል። ወንጀል መሥራት ብቻውን ለዚህ አያበቃም፤ በሐሰት ከታሰረው በቀር በወህኒ ቤት ወንጀል ያልሠራ ከየት ይገኛል?

ችግሩ የሚጀምረው መመዘኛው ባሕር ሲሻገር ነው። ኩክና ሚቺ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1999 እንደ ጻፉት በስኮትላንድ 25 ያገኘ እስረኛ በሰሜን አሜሪካ 30 ካገኘው ጋር ይተካከላል። አንድ ቋንቋ የሚናገሩት እንዲህ ከተለያዩ፣ ወደ እኛ ቋንቋ ቢመለስ ምን ሊሆን ነው? የአንደበት ቅልጥፍና በዚያ የሚያስጠረጥር ምልክት ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ሰው ለሽምግልና የሚመረጥበት ስጦታ ነው። በሹም ፊት አንገቱን ደፍቶ ዝም ያለውንስ ስሜት የለውም እንበለው? ሥራ አጥቶ በአጎቱ ቤት ዓመታት የኖረውን ጥገኛ ነው ብለን 2 እንስጠው? ቃሉን መተርጎም ቀላሉ ሥራ ነው። ሁለት መዛኞች አንዱን እስረኛ ለየብቻቸው መዝነው ነጥባቸው መቀራረቡ መታየት አለበት፤ መለያውም ቁጥር በዚያው አገር እስረኞች መፈተን አለበት።

ይህ የሊቃውንት ጭቅጭቅ ብቻ አይደለም። በካናዳ ሜቲስ ከሚባለው ነባር ሕዝብ የተወለደ፣ ከ30 ዓመት በላይ የታሰረ አንድ ሰው መሥሪያ ቤቱን ከሰሰ። ይህ መመዘኛና ሌሎች አራት በነባር ሕዝቦች ላይ እውነተኛ ውጤት መስጠታቸው አልተመረመረም ሲል ተከራከረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2018 በሰጠው ፍርድ መሥሪያ ቤቱ ትክክለኛነታቸውን እንዲያረጋግጥ ሕግ የጣለበትን ግዴታ አልፈጸመም አለ። መመዘኛዎቹ ሐሰተኛ ናቸው አላለም፤ ሕገ መንግሥታዊ መብቴ ተነክቷል የሚለውንም ክርክር አልተቀበለም።