ሞላው ሲሞላ

ጉዱማሌ በሲዳምኛ ሕዝብ የሚሰባሰብበት አደባባይ ማለት ነው። በሐዋሳ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው ሜዳ ይህንኑ ስም ይዞ የሲዳማን ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጨምበላላን፣ ያስተናግዳል። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። አፈ ታሪኩ እንደሚለው ፍቼ የአንዲት ሴት መታሰቢያ ነው፤ ካገባች በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራ ቡርሳሜ ይዛ ወላጆቿንና ዘመዶቿን ትጠይቅ ነበር። የዛሬው ዘመድ ጠያቂ ደግሞ ከይርጋለም፣ ከአለታ ወንዶ፣ ከዳዬ በመኪና ይመጣል።

እንዲህ ያለው ጉዞ የመኪናን እግር ይፈትናል። አስፋልት ላይ ዝም ብሎ የመጣ ቪትዝ ኮብልስቶን ሲረግጥ ከፊት በኩል ኳ ኳ ማለት ይጀምራል። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ካለፈ በኋላም አፍንጫው ሁለት ሦስት ጊዜ ይነሣል፣ ይወድቃል። ባለመኪናው ከፊት ጎማው በላይ ያለውን ቆርቆሮ በሁለት እጁ ተጭኖ ይለቅና ያያል፤ ደህና መኪና አንዴ ወርዶ ወጥቶ ይቆማል፣ ይኼኛው ግን መወዛወዙን ይቀጥላል። አሞርዛተሩ አልቋል።

ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፤ ዕቃውን ገዝቶ ግቢው ውስጥ ራሱ ቢቀይረውስ? የሚፈቱት ቡሎኖች ጥቂት ናቸው፤ ክሪክም ቁልፍም አለ። ትዕግሥትና ጥንቃቄ ላለው ሰው አብዛኛው ሥራ በእርግጥም የሚከብድ አይደለም። አንድ ቦታ ላይ ግን ሰው ሊገድል የሚችል ጉልበት ታምቆ ተቀምጧል።

ጉልበቱ ያለው ሞላው ውስጥ ነው። ቃሉ እንደ ቡሎን፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታና ባሌስትራ ሁሉ ከጣልያንኛ ወደ ኢትዮጵያ ጋራዦች የገባ ሲሆን ትርጉሙም ስፕሪንግ ነው። በአማርኛ ጆሮ ግን ሌላ ነገርም ይሰማበታል፤ ማድጋው ሞላ፣ ወንዙ ሞላ እንደሚባለው። አያቶች የእጅ ሰዓታቸውን በየዕለቱ ይሞሉ ነበር። ጣታቸው ጠምዝዞ ያስገባው ጉልበት ሰዓቱ ውስጥ ባለ ጥምዝ ብረት ይቀመጥና ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ ይወጣል። የመኪናውም ሞላ በዚሁ መንገድ የተሞላ ነው። ሰዓቱ ግን የተሞላውን ጉልበት በጥርስ እየቆጠረ ይለቃል፤ የመኪናው ሞላ እንዲህ ያለ መቁጠሪያ የለውም። ከላይ አፍኖ የያዘው አንድ ዳዶ ብቻ ነው።

ምን ያህል እንደተሞላ ማስላት ይቻላል። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1678 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሞላ የሚገፋበት ኃይል በተሳበበት ወይም በተጨመቀበት ርዝመት ልክ እንደሚያድግ ገልጿል። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ሚሊ ሜትር ለመጭመቅ 25 ኒውተን የሚፈልግ የትንሽ መኪና ሞላ ይወሰድ። 10 ሳንቲ ሜትር ሲጨመቅ በ2,500 ኒውተን ይገፋል፤ ይህም የ255 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ነው። 15 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ግፊቱ ወደ 3,750 ኒውተን፣ ማለትም ወደ 380 ኪሎ ግራም ገደማ ያድጋል።

የታመቀው ጉልበት ደግሞ ከዚህም በፈጠነ መንገድ ይጨምራል፤ ከጭመቃው ርዝመት ስኩዌር ጋር አብሮ ስለሚሄድ። በ10 ሳንቲ ሜትር 125 ጁል የነበረው በ15 ሳንቲ ሜትር 281 ጁል ይሆናል። ይህ ባለ 50 ኪሎ የሲሚንቶ ከረጢት ከ57 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ሲወድቅ የሚያወጣው ጉልበት ነው። ከረጢቱ የሚወድቀው ግን ሰፊ ሆኖ ነው፤ የሞላው ጉልበት በአንድ ኪሎ ግራም ገደማ ብረት ላይ ሊያርፍ ይችላል። ሁሉም ወደዚያ ብረት ቢሄድ በሰዓት 85 ኪሎ ሜትር አካባቢ ያስወነጭፈዋል። ራሱ ሞላውም የጉልበቱን ከፊል ስለሚወስድ በተግባር ፍጥነቱ ዝቅ ይላል፤ ቢሆንም የሰው እጅ ሸሽቶ የሚያመልጠው አይደለም።

ሞላና አሞርዛተር አንድ ላይ ታስረው ስለሚታዩ ሥራቸው የተምታታበት ሰው ብዙ ነው። ክብደቱን የሚሸከመውና ጉድጓዱን የሚቀበለው ሞላው ነው። የተቀበለውን ግን አያጠፋውም፤ መልሶ ይሰጣል። ብቻውን ቢተው መኪናው ከአንድ ጉድጓድ በኋላ በሰከንድ አንድ ጊዜ ገደማ እየተነሣና እየወደቀ ይቀጥላል። ያንን ውዝዋዜ የሚገታው አሞርዛተሩ ነው። በዘይት በተሞላ ቱቦው ውስጥ ፒስተን ይወጣል ይወርዳል፤ ዘይቱም በፒስተኑ ጠባብ ቀዳዳዎች በግድ እየተላለፈ እንቅስቃሴውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ረጅም የኮረት መንገድ ሄዶ የቆመ መኪና አሞርዛተሩ ሲነካ የሚሞቀው ለዚህ ነው።

አቧራ የለበሰ የፒስተን ዘንግ ሺህ ጊዜ ሲመላለስ የዘይቱን ማገጃ ጎማ ይበላዋል። ዘይቱ ማፍሰስ ሲጀምር ምቾት ብቻ አይደለም የሚጎድለው። ጎማው መሬቱን እየለቀቀ ስለሚነጥር ፍሬን ሲያዝ መኪናው የሚቆምበት ርቀት ይረዝማል፤ የጎማው ጥርስም በአንድ ቦታ ጎድጎድ፣ በሌላው ጎላ እያለ ያልቃል።

ሁለቱን በአንድ ምሰሶ ያጣመረው አሠራር ስትራት ይባላል። ዝነኛው ዓይነት የተሰየመው በአሜሪካዊው መሐንዲስ ኧርል ማክፈርሰን ስም ነው። ማክፈርሰን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጄኔራል ሞተርስ የሸቭሮሌ ካዴት የተባለች ትንሽ መኪና ፕሮጀክት ይመራ ነበር። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በ1947 ሲሰረዝ ወደ ፎርድ ሄደ፤ ለአሠራሩ በዚያው ዓመት ያቀረበው የፈጠራ ባለቤትነት ጥያቄም በ1953 ጸደቀለት። በ1950 ለንደን ላይ ለዕይታ የቀረቡት የፎርድ ኮንሱልና ዜፈር መኪኖች ይህንኑ እግር ይዘው ወጡ። ቦታ የማይፈጅና ዋጋው የረከሰ በመሆኑ ትናንሽ መኪኖችን ወረሰ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የመጀመሪያው ቪትዝ የፊት እግሩ ማክፈርሰን ነው።

ሁሉም መኪና ግን እንዲህ አይደለም። ጭነት የሚያመላልሰው አይሱዙ በባሌስትራ ይቆማል። አባዱላ የሚባለው ሃይኤስ ከኋላ ባሌስትራ፣ ከፊት ደግሞ ሲጠመዘዝ የሚመልስ ረጅም ቀጥ ያለ ዘንግ አለው። የቪትዝም ሞላ ቢታሰብ ያው ዘንግ ነው፤ ተጠቅልሎ ቦታ ቆጠበ እንጂ ሲጨመቅ ሽቦው ውስጥ ለውስጥ የሚሆነው መጠምዘዝ ነው። በቪትዝ የኋላ እግር ሞላውና አሞርዛተሩ ለየብቻ ስለሆኑ የኋላ አሞርዛተር ሲቀየር ሞላ መጭመቅ አያስፈልግም። አደጋው ያለው የፊቱ ላይ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከመሬቱ ነው። ቦታው ደልዳላና ጠንካራ ይሁን፤ የእጅ ፍሬን ተይዞ በኋላ ጎማዎች ሥር ድጋፍ ይግባ። የጎማው ዳዶዎች ጎማው መሬት ላይ እያለ ይላላሉ። ክሪክ ማንሻ ነው፤ መኪናው ከተነሣ በኋላ የሚያርፈው በብረት መቆሚያ ላይ መሆን አለበት። ድንጋይና ብሎኬት ሳይታሰብ ይሰነጠቃሉ።

ጎማው ከወጣ በኋላ የፍሬን ቱቦው፣ የኤቢኤስ ሽቦው ካለ እሱም፣ የስታቢላይዘሩም ማያያዣ ከስትራቱ ይላቀቃሉ። ሁለቱ የታች ቡሎኖች ከመፈታታቸው በፊት የነበሩበት ቦታ ምልክት ይደረግበት። ሲፈቱ የጎማው መያዣ ብረት ወደ ውጭ እንዳይወድቅና የፍሬን ቱቦውን እንዳይጎትት በሽቦ ይታሰር። ከዚያ ኮፈኑ ተከፍቶ የላይኛውን መቀመጫ ከቆርቆሮው ጋር የያዙት ዳር ዳር ያሉት ትናንሽ ዳዶዎች ይፈታሉ።

መሐል ላይ ያለው ትልቁ ዳዶ አይነካም። ሞላውን አፍኖ የያዘው እሱ ነው።

ስትራቱ ወጥቶ መሬት ላይ ሲጋደም ዝም ያለ ብረት ይመስላል። ጎማው ተንጠልጥሎ፣ መኪናው ሳይጫነው እንኳ ሞላው ግን ተጨምቆ ነው የተቀመጠው። መኪናው ከፍ እንዲል በሞላው ላይ ጎማ የተጨመረበት ከሆነ ደግሞ ከፋብሪካው ልክ በላይ ተሞልቷል፤ ለማላላትም የበለጠ መጨመቅ ይፈልጋል።

የሞላ መጭመቂያ ብዙውን ጊዜ ጥንድ ነው፤ እያንዳንዱ ረጅም ጥርስ ያለው ቡሎንና ሁለት መንጠቆ አለው። ጥርሱ ንጹሕና ግሪስ የተቀባ፣ መንጠቆው ያልተጣመመ መሆኑ ይታያል። ሁለቱ በሞላው ፊትና ጀርባ ትይዩ ሆነው፣ የሚቻለውን ያህል ብዙ ጥቅል አቅፈው ይያዛሉ፤ መቆለፊያ ፒን ካላቸው ይገባል። ከዚያ አንዱ ጥቂት ዙር፣ ሌላው ጥቂት ዙር እየተባለ በእጅ ቁልፍ ይጠበቃሉ። በአየር ወይም በባትሪ የሚሠራ መፍቻ ጥርሱን በሙቀት ይበላዋል፤ እጅም መንጠቆው ሲንሸራተት እንዳይሰማው ያደርጋል። ሞላው ወደ አንድ ወገን እንደ ቀስት ከጎበጠ አንዱ ወገን ቀድሟል ማለት ነው፤ ሥራው ቆሞ ወደ ኋላ ይፈታል። መጭመቂያ በሌለበት ቦታ ሰንሰለት ወይም ሽቦ መጠምጠም የሚያስከፍለው ዋጋ ከላይ በጁል ተሰልቷል።

መጭመቁ የሚበቃው ሞላው በመቀመጫው ላይ ላላ ብሎ በእጅ ሲዞር ነው። ከዚያ ማለፍ ያለ ጥቅም ጉልበት መጨመር ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ የስትራቱ ሁለት ጫፎች ወደ ማንም አይዞሩም፤ ፊትና ደረት ከሞላው መስመር ውጭ ይሁኑ፣ ዓይን መነጽር ይልበስ፣ ሕፃናት ከግቢው ይራቁ። የመሐሉ ዳዶ የሚፈታው አሁን ነው።

አዲሱ አሞርዛተር ከመግባቱ በፊት ቀጥ ብሎ ቆሞ ጥቂት ጊዜ ይሳባል ይገፋል፤ በመጋዘን ተጋድሞ ሲቆይ የገባበት አየር ይወጣል። የሚያብለጨልጨውን ዘንግ በፒንሳ መያዝ ክልክል ነው፤ አንድ ጭረት ማገጃውን ጎማ ቆርጦ አዲሱን ዕቃ በጥቂት ጊዜ ያስለቅሰዋል። የሞላው ጫፍ በመቀመጫው ላይ በተሠራለት ደረጃ ላይ ልክ ይግጠም። የላይኛው ኩሽኔታ፣ የአቧራ መከላከያውና ማቆሚያው ጎማ ያረጁ ከሆነ አብረው ይቀየራሉ። የመሐሉ ዳዶ እስከ መጨረሻው ጠብቆ ከመረጋገጡ በፊት መጭመቂያው አይላላም፤ ሲላላም ልክ እንደጠበቀው ተራ በተራ ነው።

መጭመቂያ የሌለው ወይም ያለው ያረጀበት ሰው ስትራቱን ግቢው ውስጥ አውልቆ፣ ሞላውን የማውጣትና የመግጠም ሥራ ግድግዳ ላይ የታሰረ መጭመቂያ ላለው ጋራዥ መስጠት ይችላል። ሞላው፣ መቀመጫውና አሞርዛተሩ ተገጣጥሞ የሚሸጥ ሙሉ ስትራት የሚገኝለት መኪና ከሆነ ደግሞ መጭመቁ ጭራሽ አያስፈልግም። በሁለቱም መንገድ ግራና ቀኙ አብረው ይቀየራሉ፤ አንዱ ጠንካራ ሌላው ደካማ ሲሆን መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ ጎን ይጎትታል።

በመጨረሻም የጎማው አላይመንት በማሽን ይታያል፤ የታች ቡሎኖች ሲፈቱ የጎማው ማዘንበል ስለሚለወጥ። የጎማ ዳዶዎችም ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እንደገና ይጠበቃሉ፤ ከሐዋሳ ይርጋለም ደርሶ መመለስ ማለት ነው። ከዚያ ጉዞ የተመለሰው ባለመኪና ጉዱማሌ አጠገብ መኪናውን ያቆምና ከፊት ጎማው በላይ ያለውን ቆርቆሮ በሁለት እጁ ይጫነዋል። መኪናው ይወርዳል፣ ይነሣል፣ ይቆማል።