አንድ መጥበሻ፣ ሁለት ሙቀት፦ የሽሮ ሜዳ እንቁላል ፍርፍር ከኮኮናት ጋር

ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን ዳገት ይዘን ሽሮ ሜዳ ስንደርስ፣ የሀገር ልብስ መደብሮች በበዙበት በዚያ ሰፈር፣ ማለዳ በቁርስ ቤቶች ከሚቀርቡት ምግቦች አንዱ እንቁላል ፍርፍር ነው። ቀይ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ በዘይት ይቁላላሉ፤ የተመታ እንቁላል ይጨመርባቸዋል። በደቡብ ሕንድ፣ በተለይም በኬረላ፣ የዚህ ምግብ የቅርብ ዘመድ አለ። በዚያ ሰናፍጭ በጋለ ዘይት ይንጣጣል፣ እርድ ይነሰነሳል፣ የተፈቀፈቀ ኮኮናትም ይቀላቀላል። ኬረላ ለትምህርት ቤቶቻችን እንግዳ አይደለችም፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በሀገራችን ካስተማሩት ሕንዳውያን መምህራን ብዙዎቹ የመጡት ከዚያ ነበር።

በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን አሠራሮች አጣምረን አንድ ጥያቄ እናነሣለን። ፍርፍር አንዳንድ ጊዜ ለስላሳ፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ውኃ ያቆረና እንደ ጎማ የሚለጠጥ የሚሆነው ለምንድን ነው?

የእንቁላል አረጋግ

ከእንቁላል ነጩ ክፍል 88 በመቶ ያህሉ ውኃ፣ 10 በመቶ ያህሉ ደግሞ ፕሮቲን ነው። በጥሬው እያንዳንዱ የፕሮቲን ሞለኪውል እንደ ልቃቂት የተጠቀለለ ነው። ሙቀት ሲያገኘው ልቃቂቱ ይተረተራል፤ የተተረተሩት ክሮችም እርስ በርስ ተያይዘው ውኃውን በመካከላቸው የሚይዝ መረብ ይሠራሉ። ይህ ለውጥ በ62 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይጀምራል። አስኳሉ ከ65 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይረጋል። ከነጩ ፕሮቲን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ኦቫልቡሚን ግን እስከ 80 ዲግሪ ድረስ ይቆያል። ሙቀቱ ከዚህም አልፎ ሲቀጥል መረቡ ይጠብቃል፣ የያዘውንም ውኃ ጨምቆ ያስወጣል። ሳህኑ ላይ የምናየው ውኃ ይህ ነው።

ከፍታውና መጥበሻው

ሽሮ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በመሆኑም ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንቁላል ለመቀቀል ረዘም ያለ ጊዜ የሚፈጀውም በዚሁ ምክንያት ነው። ዘይት ግን አይፈላም፤ በሽሮ ሜዳም ሆነ በምፅዋ ከ150 ዲግሪ በላይ በቀላሉ ይግላል። እንግዲህ የመጥበሻውን ሙቀት የሚወስነው በውስጡ ውኃ መኖሩ ወይም አለመኖሩ ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም ሲጨመሩ የሚለቁት ውኃ እየተነነ ሙቀት ስለሚወስድ፣ ርጥበቱ እስካለ ድረስ ምግቡ ከ92 ዲግሪ እምብዛም አይርቅም።

የቅመሙ ተራ

ሰናፍጭ በሀገራችን ተፈጭቶ በውኃ ሲበጠበጥ አፍንጫ ይሰረስራል። ፍሬው ሲደቅና ርጥበት ሲያገኝ፣ ተለያይተው የነበሩት ኢንዛይምና ውሕድ ተገናኝተው የሚያቃጥለውን ንጥረ ነገር ይፈጥራሉ። ፍሬው ሳይደቅ በጋለ ዘይት ሲገባ ግን ኢንዛይሙ አስቀድሞ በሙቀት ይበላሻል፤ በውስጡ ያለው ርጥበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ፍሬውን ያፈነዳዋል፣ ጣዕሙም ለውዝ ለውዝ ይላል። የእርድ ቢጫ ቀለምና የቃሪያ ማቃጠል ምንጭ የሆኑት ውሕዶች ደግሞ በውኃ በደንብ አይሟሙም፤ በዘይት ግን ይሟሟሉ። ስለዚህ ቅመሙ ዘይቱን፣ እንቁላሉ ደግሞ ርጥበቱን ይፈልጋል ማለት ነው።

አሠራሩም ከዚህ ይከተላል። በመጀመሪያ ሰናፍጩ በጋለ ዘይት ይንጣጣ፤ ቀጥሎ ሽንኩርት፣ ቃሪያና እርድ ይጨመሩ። ሽንኩርቱ ሲለሰልስ ኮኮናቱ ይግባ፤ ደረቅ ከሆነ አስቀድሞ በጥቂት ሙቅ ውኃ ይራስ። ኮኮናቱ በረጋው እንቁላል መካከል እየገባ እንዳይጓጉል ያደርገዋል፣ የሚወጣውንም ውኃ ይመጥጣል። በመጨረሻ እሳቱ ተቀንሶ እንቁላሉ ይጨመርና በዝግታ ይማሰል፤ ፈሳሽ እንቁላል መታየቱ እንዳበቃ ወዲያውኑ ይውረድ። የኮኮናት ዘይት የሚጠቀሙ አንባብያን በሽሮ ሜዳ ማለዳ እንደ ቅቤ ረግቶ ቢያገኙት አይደነቁ፤ ከ24 ዲግሪ በታች ጠጣር ነውና።

ጥሬውስ?

ወደ እንጦጦ እየሮጡ ሰውነታቸውን ከሚያጠነክሩ ወጣቶች መካከል ጥሬ እንቁላል ጉልበት ይሰጣል ብለው የሚጠጡ አይጠፉም። እ.ኤ.አ. በ1998 በቤልጂግ በጥቂት ሰዎች ላይ ተካሂዶ የታተመ ጥናት ግን፣ ከበሰለ እንቁላል ፕሮቲን 91 በመቶ፣ ከጥሬው 51 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደሚፈጭ አሳይቷል። የተተረተረውን ልቃቂት የአንጀት ኢንዛይሞች በቀላሉ ይቆራርጡታል። በተጨማሪም ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ለመግደል የእንቁላል ምግብ 71 ዲግሪ እንዲደርስ ይመከራል። ጥሬውን የሚጠጣ ተማሪ እንግዲህ ከገዛው ፕሮቲን ግማሽ ያህሉን ያጣል፣ በላዩም ሕመምን ይጋብዛል።

አንባብያን ይህን በቤታቸው ሊፈትኑት ይችላሉ። ሁለት እንቁላል ወስደው አንዱን በኃይለኛ እሳት፣ ሌላውን በዝቅተኛ እሳት ይፈርፍሩ፤ ለአምስት ደቂቃ በየሳህኑ ትተው የወጣውን ውኃ ያነጻጽሩ።