የድመት ጆሮ ሲያሳክክ፦ ከመድኃኒቱ በፊት ምርመራ ለምን?

የቁም እንስሳት ንግድ በደራባት ሐርጌሳ፣ በአያሃ ሠፈር ጆሮዋን አዘውትራ ለምታክ ድመት ለፍየል የተገዛ የመዥገር መድኃኒት መስጠት ቀላል መፍትሔ ሊመስል ይችላል። ሆኖም በአንዳንዶቹ ውስጥ የሚገኘው ፐርሜትሪን የተሰኘ ፀረ ተባይ ድመትን ሊገድል ይችላል።

የቡና አተላ የሚመስል ጥቁር ፈሳሽ ብዙውን ጊዜ በዐይን በጭንቅ የሚታይ የጆሮ ቅንቅን ምልክት ነው። መጥፎ ሽታና መግል ግን ባክቴሪያን ወይም ፈንገስን፣ በውሻ አንድ ጆሮ ላይ ድንገት የሚከሰት ሕመም ደግሞ የገባ የሣር እሾህን ሊያመለክት ይችላል።

የእንስሳት ሐኪም በቅድሚያ የጆሮው ታምቡር አለመቀደዱን ያያል፤ የፈሳሹንም ናሙና በማይክሮስኮፕ ይመረምራል። ታምቡሩ ከተቀደደ አንዳንድ ጠብታዎች ደንቆሮ ሊያደርጉ ይችላሉ።

ቅንቅን ከእንቁላል ተነስቶ ለመራባት እስኪበቃ 3 ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ ማሳከኩ ቢቆምም ሕክምናው እስከ ፍጻሜው ሊቀጥል፣ አብረው የሚኖሩ ውሾችና ድመቶችም በአንድነት ሊታከሙ ይገባል።