ቮልስ ስትጮህ ደህና ናት

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሽቅቡ ግን 600 ሜትር ያህል ይሆናል። በመካከላቸው ያለው የሐረጎ ዳገት ሲነሳ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ጭጋጉና እያቃሰተ የሚወጣው ተሳቢ ነው። ዳገቱን በደንብ የሚያውቀው ግን በአሮጌ ቮልስ የወጣው ነው።

ቮልስን ለኢትዮጵያዊ ማስተዋወቅ ድፍረት ይመስላል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በእሷ ነው። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ አራቱ ሲሊንደሮቿ ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ ተጋድመዋል፤ ራዲያተር የላትም። የሚዘነጋው ዝምድናዋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው የመጀመሪያው ፖርሽ ሞተሩን ያገኘው ከእሷ ነበር። ፎርሙላ ቪ የሚባለው የመኪና እሽቅድምድምም እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በዚሁ ሞተር ይካሄዳል። በውድድር ሜዳም ሆነ በሐረጎ ሞተሩን የሚጨርሰው ያው ሙቀት ነው።

«ውሃ ስለሌላት አትሞቅም» የሚሉ አሉ። ውሃ ስለሌላት አትፈላም እንጂ መሞቁንስ ትሞቃለች። የሚያበርዳት ከሞተሩ በላይ የተቀመጠ ማራገቢያ ነው፤ እሱም ከዲናሞው ጋር በአንድ ዘንግ፣ በአንድ ቺንጋ ይዞራል። ስለዚህ ዳሽቦርዱ ላይ ቀዩ መብራት ሲበራ ነገሩ የባትሪ ብቻ ላይሆን ይችላል። ቺንጋው ተበጥሶ ከሆነ ማራገቢያውም ቆሟል። «ደሴ ስደርስ አሳየዋለሁ» የሚል ሾፌር ደሴ የሚደርሰው ተጎትቶ ነው።

ከዚህ የባሰው ግን የደጋጎቹ ጥፋት ነው። ሞተሩ እንዳይጨነቅ ብለው ዳገቱን በአራተኛ ማርሽ ቀስ እያሉ ይወጣሉ። ማራገቢያው የሚፈጥነው ሞተሩ ሲፈጥን ብቻ ነውና ሸክሙ በከበደበት ሰዓት ነፋሱን ይቀንሱባታል። ደሴ አካባቢ ያለው አየር ደግሞ ከባሕር ጠረፉ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ጉልበትም ይቀንሳል፣ ሙቀትም በወጉ አይወስድም። ወደ ሦስተኛ፣ ካስፈለገም ወደ ሁለተኛ ማውረድ ነው። ትጩህ!

ሙቀቱ አራቱንም ሲሊንደሮች እኩል አይነካም። በአሮጌዎቹ ሞዴሎች የዘይት ማቀዝቀዣው በማራገቢያው ሽፋን ውስጥ፣ ልክ በሦስተኛው ሲሊንደር የነፋስ መንገድ ላይ ቆሟል። ሌሎቹ በቀዝቃዛ ነፋስ ሲበርዱ ሦስተኛው የሚደርሰው ዘይቱን አብርዶ የሞቀ ትርፍራፊ ነው። ፋብሪካው ማቀዝቀዣውን ከዚያ መንገድ ያወጣው ለእ.ኤ.አ. 1971 ሞዴል ነበር።

የሦስተኛው የጭስ ማውጫ ቫልቭ በሙቀት ብዛት ቀስ በቀስ ይለጠጣል። በቫልቩና በሚገፋው ክንድ መካከል መኖር ያለበት ክፍተት በብዙዎቹ ሞዴሎች 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚለካውም ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ነው። ቫልቩ ሲለጠጥ ክፍተቱ ይጠባል፤ ሲጠብ ደግሞ ቫልቩ አልገጥም ብሎ በእሳት ይለበለባል፤ በመጨረሻ አናቱ ተቆርጦ ፒስተኑ ላይ ይወድቃል። ክፍተቱ የሰፋበት ቫልቭ ቀጭ ቀጭ እያለ ያስቸግራል፤ የጠበበበት ድምፁን ያጠፋል። ባለቤቱም «ተሻላት» ይላል።

ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ጋራዥ ደጃፍ እንዲህ ያለ ሞተር አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ነበር። የቮልስ ሞተር በአራት ብሎን የተያዘ ስለሆነ ሁለት ሰው በአንድ ሰዓት ያወርደዋል። መካኒኩ ቴስታታውን ገልብጦ ለባለቤቱ ያሳየዋል፤ አንዱ ቫልቭ እጀታው ብቻ ቀርቷል፣ ፒስተኑ መሐሉ ተበስቷል።

ባለቤቱ ጎንበስ ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ሰሞኑን እኮ ጸጥ ብላ ነበር።»