አሮጌ ሞተር ልግዛ ወይስ ሚስት ላግባ?

የሚያብረቀርቅ ማርሚታና «ዱም! ዱም!» የሚል ድምፅ ያለው የቆየ የጣሊያን ሞተር ያየ ወጣት ልቡ ይሸፍታል። አልፈርድበትም። እኔም ከዚሁ ፍቅር ጋር ሃያ ዓመት ኖሬያለሁ። ግን ፍቅር ሌላ፣ ትዳር ሌላ ነው። ሞተር መውደድና ሞተር ማስተዳደርም እንደዚያው ናቸው።

አንድ ወጣት አለ። ትውልዱ እስቴ መካነ ኢየሱስ፣ ሥራው አዲስ አበባ። እጮኛው የነፋስ መውጫ ልጅ ናት። ሁለቱ ሆነው ለሠርጋቸው እቁብ ገቡ። ዕጣው ሲወጣ ግን የልጁ ዓይን አንድ አሮጌ «ሞቶ ጉዚ» ላይ አረፈ። «ጋሼ፣» አለኝ፣ «ሞተሩን ገዝቼ፣ እሷን አፈናጥጬ አገሯ ብገባ ከዚህ የበለጠ ሠርግ አለ እንዴ?» እጮኛው ወሬውን የሰማችው ከጓደኛው ነው። ቀለበቱን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ልብ በሉ፣ አልጣለችውም፤ ከተተችው።

ከዚያ ሁለቱም ተያይዘው «ፍረደን» ብለው እኔ ዘንድ መጡ። ፍርዱን ከመናገሬ በፊት ግን ያጣላቸውን ዕቃ ላስተዋውቃችሁ።

ለመሆኑ ማን ናት?

ሞቶ ጉዚ እ.ኤ.አ. በ1921 በሰሜን ጣሊያን፣ ከኮሞ ሐይቅ ዳር ማንዴሎ በምትባል ከተማ የተቋቋመ ፋብሪካ ነው። ሦስት ጓደኛሞች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሞተር ብስክሌት ለመሥራት ተማከሩ። አንደኛው፣ አብራሪው ጆቫኒ ራቬሊ፣ ሐሳቡ ሳይፈጸም በ1919 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። የቀሩት ካርሎ ጉዚና ጆርጆ ፓሮዲ ክንፉን የዘረጋ ንስር የፋብሪካው ምልክት ያደረጉት ለእሱ መታሰቢያ ነው።

የኔዋ «ፋልኮኔ» ትባላለች፤ ጭልፊት እንደማለት ነው። ሞዴሏ ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። 500 ሲሲ ስትሆን ያላት አንድ ሲሊንደር ብቻ ነው፤ እሱም ወደፊት የተጋደመ። ስፖርት የተባለችው ዓይነት 23 የፈረስ ጉልበት ያህል አላት። የዛሬ ልጆች በዚህ ቁጥር ይስቃሉ። እኔ ግን ዳገት ላይ በዝግታ ስትመታ እሰማታለሁ እንጂ አልስቅም። የጣሊያን ፖሊስና ጦር ሠራዊት ለዓመታት ስለተገለገሉባት መለዋወጫዋ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም።

ደግሞ ጋራዥ ስትገባ አስተርጓሚ አትፈልግም! ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ካቴና፣ ኩሽኔታ፣ ፓራፋንጎ፣ ካቻቢቴ... የኛ ሜካኒኮች የሚናገሩት እኮ የእሷን የናቷን ቋንቋ ነው።

ቋንቋው ግን በነፃ አልመጣም። የስታራቼ ጦር ጎንደር የገባው በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ነው። ደብረ ታቦርም ተያዘች፤ እዚያ የነበረው የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው በ1933 ዓ.ም. ነው። ለዚህ ነው የናቴ አገር ጋይንት ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሞተሬን ዞር ዞር ብለው አይተው «ልጄ፣ አባቶቻችን በስንት መከራ ያስወጡትን አንተ ቤንዚን ገዝተህ ትመልሰዋለህ?» ሲሉኝ ያልተቀየምኩት። ስቄ እጃቸውን ሳምኩ።

ጋይንት ቁንጅና አያይም

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በክምር ድንጋይና በነፋስ መውጫ አልፎ ወልዲያ የሚወጣውን መንገድ በደርግ ዘመን የሠሩት ቻይኖች ናቸው። ጉና ተራራ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ነው። ነፋስ መውጫ ራሷ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ተቀምጣለች። ስሟም አይዋሽም፤ ነፋሱ ሞተሩን በጎን ይገፋዋል።

እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ ሩብ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ 23ቱ ፈረስ ወደ 17 ይወርዳል ማለት ነው። ቤንዚኑ ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። ካንዴላዋ ጥላሸት ትለብሳለች፤ ሞተሩም እንደ ጉንፋን በሽተኛ ያስላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በካርቦራቶሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈውን ባለቀዳዳ ብሎን ጠበብ ባለ መለወጥ። ታዲያ ከደጋው ወርዳችሁ ወደ ስማዳ ቆላ፣ ወደ በሽሎ በኩል ስትዘልቁ የቀድሞዋን መልሳችሁ መግጠም አለባችሁ። ጠባቧን ይዞ ቆላ የወረደ ሰው ሞተሩ ይግልበታል፤ ፒስቶኑም ሊጣበቅ ይችላል።

ሁለተኛው ነገር ፍሬን ነው። የዚያ ዘመን ሞተር በታምቡር ፍሬን የሚቆም ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን እየረገጣችሁ ከወረዳችሁ ሸራው ይግላል፤ ከዚያ ብትረግጡት አይሰማም። ዝቅ ባለ ማርሽ፣ በሞተሩ ጉልበት እየያዛችሁ ውረዱ። ጠጠርና ጭቃ ባለበት ደግሞ ይህች ሞተር ከባድ ናት። በየገጠሩ የሚዞሩት የግብርናና የጤና ባለሙያዎች ቀለል ያለና ከፍ ያለ የጃፓን ሞተር የሚይዙት ያለ ምክንያት አይደለም።

ሦስተኛው፣ የምትፈናጠጠው ሰው ናት። የፋልኮኔ ትልቁ ቮላኖ፣ ማለትም ሞተሩን የሚያረጋጋው ከባድ የብረት ክብ፣ ከውጭ በኩል ተጋልጦ ነው የሚሽከረከረው። ካቴናውም ከኋላ አለ። ነጠላዋ ወይም ቀሚሷ ከተንጠለጠለ ምን እንደሚከተል አልነግራችሁም። ነጠላው ይጠቅለል፣ ጫማው ድፍን ይሁን፣ ሄልሜቱ ሁለት ይሁን። አንድ ሄልሜት ብቻ ካለ ለማን እንደሚሆን ልንገራችሁ? ለማንም። ጉዞው ይቅር።

ሕጉንና ጊዜውንም እዩ። በ2011 ዓ.ም. ከሰኔ 30 ጀምሮ የአዲስ አበባ አስተዳደር ልዩ ፈቃድ የሌለው ሞተር ብስክሌት በከተማው እንዳይንቀሳቀስ ከልክሎ ነበር። በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በተነሣው ግጭት የስንቱ ሰው መንገድ ተቋርጧል። ስለዚህ ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት ፈቃዱን፣ ከመነሣታችሁ በፊት መንገዱን ጠይቁ። እኔ ጋይንት የሄድኩት መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ ነው።

ፍርዱ

ልጁን «ወንድሜ፣» አልኩት፣ «እቁቡን ሁለት ሰው ከጣለው፣ ዕጣው በማንም ስም ይውጣ፣ ግማሹ ያንተ አይደለም። በሰው ገንዘብ የተገዛ ሞተር ቁልፉ በሁለት ኪስ ነው።»

እሷን ጠየቅኳት። «ሞተሩን አልጠላሁትም፣» አለች። «እኔን ሊያፈናጥጠኝ አስቦ እኔን ሳይጠይቅ መወሰኑን ነው የጠላሁት። ነገ ቤቱንም እንዲሁ ቢሸጠውስ?»

ልጁ ዝም አለ። ያቺ ጥያቄ ከኔ ምክር ሁሉ በለጠች። አሮጌ ሞተር እኮ አንድ ቀን ተገዝቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ወር በገባ ቁጥር ገንዘብ፣ እሑድ በመጣ ቁጥር ጊዜ ይጠይቃል። ያ ጊዜና ገንዘብ የሚወጣው ከሁለታችሁ ኑሮ ከሆነ ፈቃዱም የሁለታችሁ ነው።

ሠርጉ ቀደመ። ሞተሩን ሌላ ሰው ገዛው፤ ልጁም ሳምንት ሙሉ አኮረፈ። አሁን ባልና ሚስቱ ሌላ እቁብ ገብተዋል፤ የዚህኛውን ዓላማ ግን ሁለቱም ያውቁታል። እሑድ እሑድ ግቢዬ እየመጡ በኔዋ ሞተር ይማራሉ። እሱ ካርቦራቶር ፈትቶ መግጠም ችሏል። ፍሪሲዮን ቀስ አድርጎ በመልቀቅ ግን የምትበልጠው እሷ ናት።

እናንተስ? መግዛት ካማራችሁ እነዚህን ያዙ፦

— ያላችሁን ገንዘብ ሁሉ ለመግዣ አታውሉት። ሲሦውን ለጥገና አስቀሩ።

— ሞተሩ ሳይሞቅ አስነሡት። ሻጩ አሙቆ ከጠበቃችሁ እስኪቀዘቅዝ ቡና ጠጡ።

— የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ። ካልገጠመ ሂዱ፤ ወደ ኋላ አትዩ።

— ያረጀ ጎማ ጥርሱ ቢያምርም አትመኑት። የተሰነጣጠቀ ከሆነ ይቀየር።

— ከሁሉ በፊት ቤት ገብታችሁ ተነጋገሩ። ከዚያ በኋላ መልካም ጉዞ!